ቢጫ አበባው የማገጥ ዘመድ፦ ሎተስን ከዘር እስከ ዘር የማብቀል ዝርዝር መመሪያ

ሎተስ ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚታሰበው ኩሬ ላይ የሚንሳፈፈው ትልቁ አበባ ነው። የዚህ መመሪያ ሎተስ ከእሱ ጋር ዝምድና የለውም። ሳይንሳዊ ስሙ ሎተስ ኮርኒኩላተስ ሲሆን፣ ከአተር፣ ከባቄላና ከአልፋልፋ ቤተሰብ የሚመደብ የማገጥ ወይም የክሎቨር ዘመድ ነው። በአውሮፓ፣ በእስያና በሰሜን አፍሪካ በሣር ሜዳና በመንገድ ዳር በዱር ይበቅላል። አንዴ ሥር ከሰደደ ድርቁንም፣ ውርጩንም፣ ስስ አፈሩንም ይችላል። በመጀመሪያው ዓመት ግን በጣም ደካማ ነው። "ዘራነው፣ ጠፋብን" የሚሉ ሰዎች አብዛኞቹ ያጡት በዚያ ዓመት ነው፤ ያጡትም ዘሩን ጠለቅ አድርገው በመቅበራቸው፣ ማዳበሪያ በመጨመራቸው፣ ወይም ከሌላ ፈጣን ተክል ጋር በመዝራታቸው ነው። በዚህ ምክንያት የመመሪያው ሰፊ ክፍል ስለ መጀመሪያዎቹ ወራት ይናገራል።

ተክሉን መለየት

ቅጠሉ ከሩቅ ሲያዩት እንደ ማገጥ ሦስት ይመስላል። ጠጋ ብላችሁ ብትቆጥሩ አምስት ነው፤ ሦስቱ ጫፍ ላይ፣ ሁለቱ ደግሞ የቅጠሉ ዘንግ ከአገዳው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ ናቸው። ይህ ከሁሉ የሚታመን ምልክት ነው፤ አበባ በሌለበት ጊዜም ይሠራል።

አበባው እንደ አተር አበባ ቅርጽ ያለው፣ ደማቅ ቢጫ፣ ከ10 እስከ 16 ሚሊሜትር የሚረዝም ነው። በአንድ ዘንግ ጫፍ ከ2 እስከ 7 ሆነው ይወጣሉ። እንቡጡ ብዙ ጊዜ ቀይ ወይም ብርቱካናማ ቀለም የነካው ነው። አበባው ሲረግፍ ቀጫጭን፣ ከ2 እስከ 3 ሳንቲሜትር የሚረዝሙ ዛላዎች ይተካሉ። ዛላዎቹ ከአንድ ነጥብ ተነስተው እንደ ወፍ ጣቶች ስለሚዘረጉ በእንግሊዝኛ ስሙ ውስጥ "የወፍ እግር" የሚል ቃል ገብቷል።

ከእሱ ጋር የሚምታቱ ቢጫ አበባ ያላቸው ዘመዶች አሉ። ሜዲካጎ ሉፑሊና ቅጠሉ ሦስት ብቻ ነው፤ አበባዎቹ ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር የሚሆኑ ደቃቃ ሆነው በትንሽ ኳስ ይሰበሰባሉ፤ ፍሬው ሲበስል ጥቁርና የተጠማዘዘ ነው። ቢጫዎቹ የዱር ማገጦች፣ ማለትም ትሪፎሊየም ካምፔስትሬና ትሪፎሊየም ዱቢየም፣ እነሱም ቅጠላቸው ሦስት ሆኖ አበባቸው ሲደርቅ ቡናማ እየሆነ እዚያው ይቀራል። ከራሱ ከሎተስ ወገን ሁለት የቅርብ ዘመዶች አሉ። ሎተስ ፔዱንኩላተስ እርጥብ ቦታ ይወዳል፤ አገዳውን ቆርጣችሁ ብታዩት ውስጡ እንደ ሸምበቆ ባዶ ነው። የኛው አገዳ ግን ውስጡ ሙሉ ነው። ሎተስ ቴኑዊስ ደግሞ ቅጠሉ ጠባብ ሆኖ ከባድ ሸክላና ጨው ያለበትን አፈር ይቋቋማል። መሬታችሁ ውኃ የሚቋጥር ረግረግ ከሆነ ኮርኒኩላተስን ከማስገደድ ፔዱንኩላተስን መምረጥ ይሻላል።

ዘር ከመግዛታችሁ በፊት

የመጀመሪያው ጥያቄ የቀን ርዝመት ነው። ሎተስ ረጅም ቀን የሚፈልግ ተክል ሲሆን ሙሉ በሙሉ የሚያብበው የቀን ብርሃን ወደ 16 ሰዓት ሲጠጋ ነው። ቀኑ ከዚያ እያጠረ ሲሄድ አበባው እየሳሳ፣ ተክሉም መሬት ላይ እየተኛ ይሄዳል። ከምድር ወገብ በራቁ አገሮች ይህ ችግር አይደለም። ቀንና ሌሊቱ ዓመቱን በሙሉ በሚመጣጠንበት አካባቢ ላላችሁ ግን ለመኖና ለአፈር ጥበቃ ብታስቡት ነው የሚሻለው፤ ቢጫ ምንጣፍ የመሰለ አበባና የራሳችሁን ዘር ከእሱ አትጠብቁ። ብዙ መመሪያዎች ይህን ስለማይናገሩ ሰዎች ጥፋቱ የእነሱ እየመሰላቸው ይደክማሉ።

ሁለተኛው ጥያቄ ዓይነቱ ነው። ለመኖ የተሻሻሉ ዝርያዎች በሁለት ይከፈላሉ። እንደ ኢምፓየር ያሉት ቀጫጭንና ተኝተው የሚያድጉ ስለሆኑ ለግጦሽ ይስማማሉ። እንደ ቫይኪንግ ያሉት ቀጥ ብለው በፍጥነት ስለሚያድጉ ለድርቆሽ ይመረጣሉ። ለንብ፣ ለቢራቢሮና ለዱር አበባ መስክ ከሆነ ግን የአካባቢው የዱር ዘር ይሻላል፤ አጭር ነው፣ ከሣር ጋር ተስማምቶ ይኖራል። ለመኖ የተሻሻለው ቁመታም ዓይነት በትንሽ የአበባ መስክ ውስጥ ሌሎቹን አበቦች ሊውጥ ይችላል። ፕሌነስ የሚባለው ድርብ አበባ ያለው የጌጥ ዓይነት ዘር አይሰጥም፤ የሚባዛው በቁራጭ ብቻ ነው።

ዘሩ በጣም ደቃቅ ነው። አንድ ግራም ወደ 800 ዘር ይይዛል፤ አንድ ኪሎ ደግሞ 800,000 ገደማ። ስትገዙ በእጃችሁ መዳፍ ዘርግታችሁ ተመልከቱት፦ ጤነኛ ዘር ክብ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ከወይራ አረንጓዴ እስከ ጥቁር ቡናማ ነው። ዘሩ ከኩስኩታ የጸዳ መሆኑን ጠይቁ። ኩስኩታ ቅጠልም ሥርም የሌለው፣ እንደ ቢጫ ክር ተክሉ ላይ ተጠምጥሞ የሚመጥ ጥገኛ አረም ነው። አንዴ ማሳ ከገባ እሱን ማስወጣት የብዙ ዓመት ሥራ ነው።

ቦታውና አፈሩ

በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ቀጥተኛ ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ ምረጡ። ያደገው ተክል ጥቂት ጥላ ቢታገስም ቡቃያው ፈጽሞ አይችለውም።

የአፈሩ ፒኤች (የአሲዳማነቱ መለኪያ) ከ6 እስከ 7 ቢሆን ይመረጣል። እስከ 5.5 ድረስ ያድጋል፤ ከዚያ በታች ግን ሥሩ ላይ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ይዳከሙና ተክሉ ይገረጣል። አፈሩ አሲዳማ ከሆነ ኖራ ከመዝራቱ 6 ወር ያህል አስቀድሞ ይጨመራል፤ ኖራ አፈር ውስጥ ሥራውን የሚሠራው ቀስ እያለ ነው። መጠኑን የሚወስነው የአፈር ምርመራ ነው፤ በግምት አትበትኑ።

ናይትሮጅን ያለበት ማዳበሪያ፣ ያልተብላላ ፍግም ሆነ ብዙ ብስባሽ አትጨምሩ። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ሎተስ ናይትሮጅኑን ከአየር የሚያገኝ ተክል ነው። የምትጨምሩት ናይትሮጅን የሚመግበው ከጎኑ ያለውን ሣርና አረም ነው፤ እነሱ ደግሞ ቡቃያውን በጥላ ይገድሉታል። ፎስፈረስ ግን ለሥር እድገት ያስፈልገዋል፤ ምርመራው እጥረት ካሳየ ከመዝራት በፊት ከላይኛው አፈር ጋር ይቀላቀል።

አሁን ወደ አረሙ። ሎተስ ከአረም ጋር ሮጦ አያሸንፍም፤ ስለዚህ ሩጫው ከመጀመሩ በፊት አረሙን ማድከም ግድ ነው። መሬቱን ከቆፈራችሁና ካለሰለሳችሁ በኋላ ሳትዘሩ አጠጡት። ከ2 እስከ 3 ሳምንት ውስጥ የአረም ቡቃያ ይወጣል። ያንን ከ2 ሳንቲሜትር ባልበለጠ ጥልቀት ፋቁት። ጠለቅ ብትቆፍሩ አዲስ የአረም ዘር ወደ ላይ ታወጣላችሁ። ጊዜ ካላችሁ ይህን ሁለቴ ድገሙት። በዚህ ሥራ ላይ የሚጠፋው አንድ ወር በኋላ ከዘር መሃል አንድ በአንድ ከመንቀል ያድናል።

በመጨረሻ መሬቱን አጥብቁት። ደቃቅ ዘር ልል በሆነ አፈር ውስጥ ይሰምጣል፤ ከሥሩ ያለው ክፍት ቦታም ቶሎ ይደርቃል። በሮለር ወይም በጣውላ ላይ እየረገጣችሁ ካጠበቃችሁ በኋላ ተራመዱበት፦ የጫማችሁ ዱካ ከ1 ሳንቲሜትር በላይ ከጠለቀ ገና አልጠበቀም።

ዘሩን ማዘጋጀት

በመጀመሪያ ዘሩን ፈትኑ። 100 ዘር ቆጥራችሁ በእርጥብ ጨርቅ ላይ በትኑና በጨርቁ ሸፍናችሁ ሙቀቱ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ በሆነ ቦታ ለ10 ቀን አቆዩት፤ ጨርቁ እንዳይደርቅ በየቀኑ እዩት። በመጨረሻ ሦስት ቁጥር ይኖራችኋል፦ የበቀለ፣ ለስልሶ የበሰበሰ፣ እና እንደ ጠጠር ጠጥሮ ውኃ ያልጠጣ። የመጨረሻው ሞቷል ማለት አይደለም። ቆዳው ውኃ የማያሳልፍ "ጠጣር ዘር" ነው። ይህ የተክሉ የመኖር ብልሃት ነው፤ ዘሩ ሁሉ በአንድ ዝናብ በቅሎ በአንድ ድርቅ እንዳያልቅ ይጠብቀዋል። በማሽን የተወቃ ዘር ቆዳው በከፊል ስለሚጫር ጠጣሩ ያንሳል፤ በእጅ ከዱር የተለቀመ ዘር ግን አብዛኛው ጠጣር ሊሆን ይችላል።

ጠጣሩ ከ100 ከ30 በላይ ከሆነ ዘሩን መጫር ይጠቅማል። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ሁለት የእንጨት ማለስለሻ ወረቀት ውሰዱ፤ ሸካራነታቸው መካከለኛ ይሁን። አንድ የሻይ ማንኪያ ዘር በአንዱ ላይ አንድ ረድፍ ብቻ ሆኖ እንዲተኛ ዘርጉ፣ በሌላው ሸፍኑና እጃችሁን ጫን ሳታደርጉ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ በክብ እሹት። የምትፈልጉት የዘሩ ማብረቅረቅ ደብዘዝ እንዲል ነው። ቢጫ ዱቄት ከታየ ወይም ዘሩ ለሁለት ከተከፈለ በዝቷል ማለት ነው። ከዚያ ከታሸው ጥቂቱን ውኃ ውስጥ አሳድሩ፤ ጠዋት አብዛኛው አብጦ ከተገኘ የቀረውን በዚያው ልክ እሹ። የፈላ ውኃ መጠቀም የሚመክሩ አሉ። በዚህ ደቃቅ ዘር ላይ አይመከርም፤ በጥቂት ሰከንድ ልዩነት ዘሩ ይቀቀላል። የተጫረ ዘር ደግሞ አይቀመጥም፤ በዚያው ሳምንት ይዘራ።

ቀዝቃዛ ወቅት ባለበት አገር ከቅዝቃዜው በፊት የዱር ዘር በመስክ ላይ የምትበትኑ ከሆነ መጫሩን ተዉት። ብርዱና እርጥበቱ ራሱ ቆዳውን ያላላዋል።

ቀጥሎ ባክቴሪያው ይመጣል፤ ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ሎተስ ከአየር ናይትሮጅን የሚወስደው ሜዞራይዞቢየም ሎቲ ከሚባል የራሱ ባክቴሪያ ጋር ተባብሮ ነው። ለማገጥ፣ ለአልፋልፋ ወይም ለአኩሪ አተር የተዘጋጀ ሕያው ማዳበሪያ (ባክቴሪያውን የያዘ ዱቄት) ለሎተስ አይሠራም። ማሸጊያው ላይ "ለሎተስ" የሚል መኖሩንና የአገልግሎት ጊዜው አለማለፉን አረጋግጡ። ባክቴሪያው ሕይወት ያለው ስለሆነ ሙቅ መኪና ውስጥ ወይም ፀሐይ ላይ ከዋለ ይሞታል።

100 ግራም ስኳር በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ አሟሙ፤ ክሎሪን ያለበት የቧንቧ ውኃ ከሆነ ክሎሪኑ እንዲወጣ ክፍት ዕቃ ውስጥ አሳድሩት። ለአንድ ኪሎ ዘር ከዚህ ውኃ 20 ሚሊሊትር ያህል ይበቃል፤ ለ50 ግራም ዘር አንድ ሚሊሊትር፣ ማለትም 20 ጠብታ ገደማ ነው። ዘሩ እንዲወዛ እንጂ እንዲንጠባጠብ አይፈለግም። ከዚያ የሕያው ማዳበሪያውን ዱቄት ማሸጊያው በሚለው መጠን ነስንሱና እያንዳንዱ ዘር እስኪለብስ አገላብጡ። በጥላ አድርቁትና በ24 ሰዓት ውስጥ ዝሩት። ባክቴሪያው ከየትም ካልተገኘ፣ ለብዙ ዓመት ጤነኛ ሎተስ ከበቀለበት መሬት ከሥሩ ዙሪያ የተወሰደ አንድ እፍኝ አፈር ከዘሩ ጋር ቢቀላቀል ይሠራል፤ ነገር ግን የአረም ዘርና የሥር በሽታም አብሮ ሊመጣ ይችላል።

መዝራት

ጊዜው አፈሩ ከ10 ዲግሪ በላይ ሲሞቅና ቢያንስ ለአንድ ወር እርጥበት እንደሚኖር ሲታወቅ ነው። ውርጭ ባለበት አካባቢ ዘግይቶ የሚዘራ ሰው ከመጀመሪያው ከባድ ውርጭ በፊት ቢያንስ 8 ሳምንት ይተው፤ ያነሰ ጊዜ ያገኘ ቡቃያ ሥሩ ገና ጥልቅ ስላልሆነ በውርጭ ተነቅሎ ይወጣል።

ለብቻው ለሚዘራ መደብ በካሬ ሜትር 1 ግራም ይበቃል። በሰፊ ማሳ በመሣሪያ ሲዘራ በሄክታር ከ6 እስከ 10 ኪሎ ነው። ፈተናችሁ ከ100 ዘር 60 ብቻ በቅሎ ከሆነ መጠኑን በዚያው ልክ ከፍ አድርጉ፤ 1 ግራም በ0.6 ሲካፈል 1.7 ግራም ገደማ ይሆናል።

10 ካሬ ሜትር ለመዝራት 10 ግራም ዘር ከአንድ ሊትር ደረቅ አሸዋ ጋር ቀላቅሉ። ነጣ ያለ አሸዋ ቢሆን ይመረጣል፣ የት እንደበተናችሁ ያሳያችኋል። ግማሹን ከሰሜን ወደ ደቡብ፣ ግማሹን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ እየሄዳችሁ በትኑ። ከዚያ ሬኩን ገልብጣችሁ በጀርባው ቀስ ብላችሁ ሳቡበትና እንደገና አጥብቁት። ጥልቀቱ ግማሽ ሳንቲሜትር ነው፤ ቢበዛ 1 ሳንቲሜትር። ከላይ ጥቂት ዘር ቢታያችሁ አትጨነቁ። የተቀበረው ጠልቆ ከሆነ ግን ያቺ ደቃቅ ፍሬ ስንቋን ጨርሳ ከአፈር ሥር ትቀራለች።

ከሣር ጋር የምትዘሩ ከሆነ ሣሩን አሳንሱ፤ በዝግታና በቁጥቋጦ መልክ የሚያድግ እንደ ቲሞቲ ያለ ሣር ይምረጡለት፤ በመሬት ውስጥ እየተሳበ የሚዛመት ሣር አይሁን። ከገብስ ወይም ከአጃ ሥር መዝራት የቆየ ልማድ ነው፤ ለአልፋልፋ ይሆናል፣ ለሎተስ ግን ጥላው ስለሚበዛበት አይመከርም።

የመጀመሪያዎቹ 12 ሳምንታት

ቡቃያው ከ7 እስከ 14 ቀን ውስጥ ይወጣል። የላይኛው 2 ሳንቲሜትር አፈር ለ3 ሳምንት መድረቅ የለበትም፤ በወንፊታም ማጠጫ በስሱ፣ ሲሞቅ በቀን ሁለቴ አጠጡ። በቱቦ በኃይል የተለቀቀ ውኃ ዘሩን ጠርጎ አንድ ጥግ ላይ ይከምረዋል፤ አፈሩንም ደፍኖ ቅርፊት ያስይዘዋል። ከ4ኛው ሳምንት በኋላ ማጠጣቱን እያራቃችሁ መጠኑን ጨምሩ፤ ሥሩ ውኃ ፍለጋ ወደ ታች መውረድ አለበት። ያደገው ተክል ሥር አንድ ሜትር ያህል ይወርዳል፤ ድርቅ የሚቋቋመው በዚህ ነው።

አሁን ትዕግሥት የሚጠይቀው ጊዜ መጣ። በ6ኛው ሳምንት ተክሉ ከ3 እስከ 5 ሳንቲሜትር ብቻ ሊሆን ይችላል። ከላይ ቆሞ የቀረ ሲመስል ጉልበቱን ሥሩ ላይ እያዋለ ነው። በዚህ ጊዜ ማዳበሪያ የሚጨምር ሰው አረሙን ይመግባል። አረሙ ከቡቃያው በላይ ከወጣ በ10 ሳንቲሜትር ከፍታ እጨዱት፤ የሎተሱ ጫፍ ሳይነካ የአረሙ አናት ብቻ ይቆረጥ። ትልልቁን በእጅ ስትነቅሉ የሎተሱ ሥር አብሮ እንዳይነሳ በሌላ እጃችሁ አፈሩን ተጫኑት።

ከ6 እስከ 8 ሳምንት ሲሆነው ሁለት ሦስት ተክል ከነአፈሩ በትንሽ አካፋ አንሱ፤ አትንቀሉ፣ ባክቴሪያው የሚኖርባቸው የሥር እጢዎች ይረግፋሉ። ሥሩን ውኃ ውስጥ አራግፋችሁ እዩ። እንደ ትንንሽ ዶቃ ክብ የሆኑ እጢዎች መኖር አለባቸው። አንዱን በጥፍር ክፈቱት፦ ውስጡ ሮዝ ወይም ቀይ ከሆነ ባክቴሪያው ናይትሮጅን እያዘጋጀ ነው። ነጭ ከሆነ ገና አልጀመረም፣ በ2 ሳምንት ደግማችሁ እዩ። አረንጓዴ ወይም ቡናማ ከሆነ ሥራውን አቁሟል። እጢ ጨርሶ ከሌለና ቅጠሉ እየገረጣ ከሆነ አዲስ ሕያው ማዳበሪያ በውኃ በጥብጣችሁ፣ ደመናማ በሆነ ቀን ወይም ሲመሽ፣ ሥሩ ሥር አፍስሱና ወዲያው ንጹሕ ውኃ አስከትሉበት።

በችግኝና በቁራጭ

የያዛችሁት ዘር ጥቂት ከሆነ ወይም ነባር የሣር መስክ ውስጥ ማስገባት ከፈለጋችሁ በችግኝ መጀመር ይሻላል። ሥሩ ቀጥ ብሎ ስለሚወርድ ጥልቀት ያለው ማፍያ ያስፈልጋል፤ ቢያንስ 10 ሳንቲሜትር። በየጉድጓዱ 3 ዘር ጥላችሁ በኋላ ጠንካራውን አንዱን አስቀሩ፤ ሌሎቹን በመቀስ ቁረጡ። ቁመቱ ከ5 እስከ 7 ሳንቲሜትር ሲደርስ በ30 ሳንቲሜትር ርቀት ይተከላል። ሣር ውስጥ ሲተከል በዙሪያው 20 ሳንቲሜትር ያህል ሣሩን ከነሥሩ አንሱለት። ሥሩ ማፍያው ታች ደርሶ ከተጠማዘዘ በኋላ የተተከለ ችግኝ ግን ለረጅም ጊዜ ያነክሳል።

ቁራጭ ለመትከል አበባ ያልያዘ ለጋ ጫፍ ከ7 እስከ 8 ሳንቲሜትር ከአንጓ በታች ቁረጡ፣ የታችኛውን ግማሽ ቅጠል አንሱና ግማሽ አሸዋ በሆነ እርጥብ አፈር ውስጥ ስካችሁ ከቀጥተኛ ፀሐይ አርቁት። ከ3 እስከ 4 ሳምንት ይፈጅበታል። ከአንድ እናት የተወሰዱ ቁራጮች ሁሉ ግን አንድ ዓይነት ናቸው፤ ይህ ለዘር ምን ማለት እንደሆነ ወደ ታች ታገኙታላችሁ።

ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ፦ የማጨድ ቁመት

አልፋልፋ የለመደ ሰው ሎተስን የሚያጠፋው በማጭዱ ነው። አልፋልፋ ሥሩ ውስጥ ስንቅ ስለሚያከማች እስከ መሬት ቢታጨድም ከዚያ ስንቅ ተነስቶ ያቆጠቁጣል። ሎተስ በእድገት ወቅት ሥሩ ውስጥ የሚያስቀምጠው ጥቂት ነው። ከታጨደ በኋላ የሚያንሰራራው ጉቶው ላይ የቀረው ቅጠል ለፀሐይ ተጋልጦ በሚያዘጋጅለት ምግብ ነው። ስለዚህ ቁመታሙን ዓይነት ስታጭዱ ከ7 እስከ 10 ሳንቲሜትር ቅጠል ያለበት ጉቶ አስቀሩ። በመጀመሪያው ዓመት ለመኖ ብላችሁ አትጨዱት። በኋላ ከ10 አገዳ አንዱ ማበብ ሲጀምር የመጀመሪያው አጨዳ ይሆናል፤ ቀጣዩ ከ5 እስከ 6 ሳምንት ቆይቶ ነው። ከብትም ቢሆን በፈረቃ ይገባበት፤ ያለ ዕረፍት የሚጋጥ ሎተስ በሁለት ዓመት ይጠፋል።

ውርጭ ባለበት አገር ከከባዱ ውርጭ በፊት ከ4 እስከ 6 ሳምንት ፈጽሞ አይነካ። ለቀጣዩ ዓመት የሚሆነውን ስንቅ ሥሩ ውስጥ የሚያስገባው በዚያ ጊዜ ነው።

ለከብት ያለው ትልቅ ጥቅም ሆድ አለመንፋቱ ነው። ማገጥና አልፋልፋ በለጋነታቸው ሲጋጡ ሆድ ነፍተው ከብት ሊገድሉ ይችላሉ። ሎተስ ውስጥ ያለው ታኒን የተክሉን ፕሮቲን ስለሚይዘው በከብቱ ሆድ ውስጥ አረፋው አይፈጠርም።

ለአበባ መስክ ከሆነ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ዛላው ደርቆ ዘሩ ከረገፈ በኋላ፣ ማጨድ ይበቃል። የታጨደውን ለጥቂት ቀን እዚያው አድርቃችሁ አራግፉና አውጡት፤ እዚያው ከበሰበሰ አፈሩን ያዳብርና ሣሩ ይበረታል።

ዘር መሰብሰብ

ሎተስ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ የአበባ ዱቄት ዘር አይሰጥም። ከሌላ፣ በዘር ከሚለይ ተክል ዱቄት በንብ መምጣት አለበት። ንቧ የአበባው ታችኛ ጀልባ መሰል ቅጠል ላይ ስታርፍ ክብደቷ ይጫነውና ዱቄቱ ከጫፉ እንደ ጥርስ ሳሙና ተገፍቶ ይወጣል፤ ሆዷ ላይም ይለጠፋል። ይህን ለማድረግ ጸጉራሞቹ ትልልቅ የዱር ንቦች የተካኑ ናቸው፤ የማር ንብም ታደርገዋለች። ከአንድ እናት በተወሰዱ ቁራጮች ብቻ የተሞላ መደብ አምሮ አብቦ ዛላ የማይዘው በዚህ ምክንያት ነው። ከዘር የበቀሉ ቢያንስ 5 ወይም 6 ተክሎች ይኑሩ።

ዛላዎቹ አብረው አይበስሉም። አንዱ ሲደርቅ ሌላው ገና አበባ ነው። የደረቀው ደግሞ በሞቃትና ደረቅ ቀትር ላይ ተጠማዝዞ ይፈነዳና ዘሩን ይረጫል። ስለዚህ ሁሉም እስኪደርቅ የሚጠብቅ ሰው ባዶ ዛላ ይሰበስባል። ከዛላዎቹ ሁለት ሦስተኛው ቡናማ ሲሆን፣ ጤዛ ሳይለቅ በማለዳ፣ አገዳውን ቆርጣችሁ አየር በሚያስወጣ የጨርቅ ከረጢት ውስጥ ክተቱና አፉን እሰሩ። በ7 ወይም 8 ቀን ውስጥ ከረጢቱ ውስጥ እየፈነዳ ራሱን ይወቃል። ከዚያ አሽታችሁ፣ በጠባብ ወንፊት ነፍታችሁ፣ ገለባውን በቀስታ አንፍሱት። በደረቅ፣ ቀዝቃዛና ጨለማ ቦታ በተዘጋ ማሰሮ ለብዙ ዓመት ይቆያል።

አንድ ተክል ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 ዓመት ነው የሚቆየው፤ በተለይ ሙቀትና እርጥበት በሚበዛበት። መስኩ እንዲቀጥል በየ2 ወይም 3 ዓመቱ አንድ ወቅት ሳታጭዱ ዘሩ እንዲረግፍ ፍቀዱለት።

ችግር ሲገጥም

ምንም ካልወጣ፣ ከመደቡ ጥቂት አፈር አንስታችሁ በወንፊት እጠቡት። ጠጣር ዘር ካገኛችሁ መጫር ጎድሎታል፤ ነጭ ቡቃያ ከሥር ተጠማዝዞ ካገኛችሁ ጥልቀቱ በዝቷል ወይም አፈሩ ቅርፊት ይዟል። ቅርፊቱን በእርጥበትና በቀላል ሬክ ስበሩት።

ቡቃያው በአንድ ሌሊት ከጠፋና መሬቱ ላይ የሚያብረቀርቅ ዝልግልግ መስመር ከታየ ቀንድ አውጣ ነው። ሌሊት በባትሪ ለቀሙ፤ በመደቡ ዙሪያ ያለውን እርጥብ ድርቆሽና ድንጋይ አንሱ። ቡቃያው ከአንገቱ ቀጥኖ ጠቁሮ ከወደቀ ደግሞ ፈንገስ ነው፤ ውኃ ቀንሱ፣ ዘሩንም በቀጣዩ ጊዜ አሳሱ።

በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት አንድ ቅርንጫፍ፣ ከዚያ ሌላው እየጠወለገ ከሄደ አንገቱን፣ ማለትም አገዳውና ሥሩ የሚገናኙበትን ቦታ፣ ሰንጥቃችሁ እዩ። ውስጡ ቡናማና የበሰበሰ ከሆነ የአንገትና የሥር መበስበስ ነው። መድኃኒት አትፈልጉለት፤ ነቅላችሁ አስወግዱ፣ በዚያ ቦታ ለጥቂት ዓመት ሌላ ነገር ዝሩ።

ለምለም ሆኖ አላብብ ካለ ቅደም ተከተሉን ተከተሉ፦ አንደኛ ዓመቱ ነው? ጥላ ነው? አፈሩ ናይትሮጅን በዝቶበታል? የቀኑ ርዝመትስ? ብዙውን ጊዜ መልሱ ከአራቱ አንዱ ነው።

ቅጠሉ በትል ከተበላ ከመርጨታችሁ በፊት ትሉን እዩት። ፖሊዮማተስ ኢካሩስ የሚባለው ሰማያዊ ቢራቢሮ አባጨጓሬው ዋና ምግቡ ሎተስ ነው። ለቢራቢሮ ብላችሁ የተከላችሁትን ለማዳን ቢራቢሮውን መግደል ከንቱ ነው፤ ተክሉም ከዚህ ጉዳት በቀላሉ ያገግማል።

ሁለት ማስጠንቀቂያ

ብዙ የሎተስ ተክሎች ሊናማሪንና ሎታውስትራሊን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሏቸው፤ ቅጠሉ ሲቀጠቀጥ ሳያናይድ ይለቃሉ። ለከብት በተለመደው መኖ መጠን ችግር ማስከተሉ ብርቅ ነው፤ ሲደርቅም ይቀንሳል። ለሰው ግን ምግብ አይደለም፤ በሻይም በሰላጣም አትጠቀሙበት።

ሁለተኛው፣ ከትውልድ አካባቢው ውጭ ሲሄድ ወራሪ መሆን ይችላል። በሰሜን አሜሪካ መካከለኛ ምዕራብ በተፈጥሮ የሣር ሜዳዎች ገብቶ ነባሮቹን ተክሎች እየሸፈነ አስቸግሯል፤ ሣሩን ለማደስ የሚለቀቀው እሳትም ዘሩን ይበልጥ ያበቅለዋል። በተፈጥሮ የሣር ሜዳ አጠገብ ከሆናችሁና ተክሉ የአካባቢው ካልሆነ አትዝሩት። ከተዘራ በኋላ ለማስወጣት ደግሞ አንገቱን ከነወፍራም ሥሩ ቆፍራችሁ አውጡ፤ የቀረ የሥር ቁራጭ ዳግም ያቆጠቁጣል። አፈር ውስጥ የቀረው ጠጣር ዘርም ለዓመታት ስለሚበቅል ቦታውን በየወቅቱ እየተመለሳችሁ፣ አዲሱ ቡቃያ ሳያብብ ንቀሉት።